ኑርሀያት በማግስቱ ሞተች ይላል ካታሎጉ

እና ሞቻለሁ አሉ፣ ወላሂ፣ ኑርሀያት የቆሮሶውን ቅርፊት እየፋቀች ትስቃለች፣ ሆዷን ይዛ፣ የአርባ ሁለት ዓመት ሬሳ ዓሣ ትጠብሳለች በሉ፣ ሐይቅ ከተማ ትስማ፣ የወንድሟ ልጅ ሱንዱስ ግን አትስቅም፣ የዓሣ ውሃ እንዳይረጨው ላፕቶፑን ወደ ደረቷ ሰብሰብ አድርጋ ደግማ ታነባለች፣ እናትና ልጅ፣ ዑምኩልሱም ከአምባሰል፣ የድርቅ መጠለያ፣ ሐይቅ፣ ኅዳር ሰባ ሰባት፣ የሁለት ዓመቷ ኑርሀያት በማግስቱ ሞተች።

ይቺንማ ጣያት! ውሸታም ናት።

ሦስት ቀናቸው ነው፣ ልጅቷ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ስለ አምባሰል የተጻፈው፣ የተቀዳው፣ ፎቶ የተነሣው የት የት እንደተቀመጠ ኢንተርኔት ላይ ታስሳለች፣ ካታሎግ ይሉታል፣ ዝርዝር ነው እንግዲህ፣ እሷ ትከፍታለች፣ አክስት ትፈርዳለች፣ አንዱ ግሸንን ወስዶ ጎንደር አስቀመጣት፣ ጣይው፣ አንዱ ውጫሌን ከነገበያ ቀኗ ልክ ጻፈ፣ ያዢው፣ ከሦስተኛ ክፍል የወጣች ዳኛ፣ ደስ ሲል!

አይ አክስቴ፣ ስለገደለሽ ብቻ አይጣልም፣ ማን መዘገበው፣ መቼ፣ ከየት አገኘው፣ ሌላ ቦታስ ይገኛል ወይ ተብሎ ነው። እሺ እመቤቴ፣ ፈልጊያ፣ ሌላው ጋ በሕይወት ከተገኘሁ ዛሬ አንቺ ነሽ የምትጠብሺው።

ሌላው ጋ አለ። ፎቶው ራሱ፣ ከሥሩም ያው፣ በማግስቱ ሞተች።

ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል፣ ፎቶው ከላይ ወደ ታች ቁራጭ ቁራጭ እያለ ይመጣል፣ መጀመሪያ ሻሽ፣ ከዚያ ግንባር፣ ከዚያ፣ ያ ረቢ፣ እናቴ፣ አላህ ይርሐማት፣ እንዲህ ልጅ ነበረች? ዓይን ብቻ ቀርታ፣ ከዚያ እቅፏ ውስጥ ያለችው፣ እኔ ነኝ፣ እኔን እዩኝ፣ ራስ ብቻ፣ ክንዷ የሐይቁን ደንገል የምታህል፣ ኔትወርኩ ቆመ፣ ቀጠለ፣ ሆድ፣ ጉልበት፣ ግራ እግር።

ጣቶች።

ትቆጥራለች። ደግማ ትቆጥራለች። ስድስት። የእሷ አምስት ናቸው።

እናቷ ስታጥባት ሁልጊዜ ግራ እግሯን ትይዛለች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ እዚያ ትቆምና እንደገና ከአንድ፣ ኪ ኪ ኪ ትላለች ኑርሀያት፣ ኮረኮርሽኝ እማ፣ ጨዋታ ነበር፣ ጨዋታ ነው እንጂ፣ ታዲያ ፊቷ ለምን አይስቅም ነበር፣ እዚያ መጠለያ ውስጥ ስንት እናት ያለ ልጅ ነጋባት፣ ስንት ልጅ ያለ እናት፣ ከማን ሬሳ አጠገብ አነሣሽኝ እማ፣ ያቺኛዋስ፣ የወለደችኝ፣ ማን ብላ ነበር የምትጠራኝ፣

አክስቴ? ሁለቱም ተሳስተዋል እኮ፣ አንዱ ከአንዱ ገልብጦ ይሆናል፣ ቆይ እጽፍላቸዋለሁ፣ ልጅቷ በሕይወት አለች፣ ሐይቅ ዳር ዓሣ ትጠብሳለች፣ አርሙት እላለሁ።

ኑርሀያት ቅርፊት የተጣበቀበትን አውራ ጣቷን ፎቶው ላይ፣ እግሩ ላይ ታሳርፋለች፣ የራሷን ግራ እግር ቀሚሷ ሥር ትሰበስባለች።

ተይው የኔ ልጅ። ስሟን አትንኪባት።

የማንን ስም? አክስቴ፣ የማንን?

ቀሚሱ ሥር፣ በጨለማው ውስጥ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ እንደገና፣ አንድ፣