ከድንበሩ በፊት የሚሰማው ፉጨት

ይሄይስ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል። ነፍሱ ግን ያለችው ከፀሐይ ከሚነሳው ነፋስ ዘንድ ነበር። ይህ በኤሌክትሪክ የተሞላ የቅንጣቶች ነፋስ ምድርን የከበበው መግነጢሳዊ ጋሻ ዘንድ ገና ሳይደርስ ይታወካል። ከጋሻው ድንበር ነጥረው የተመለሱ ቅንጣቶች ነፋሱን ሽቅብ እየተጋፉ ሞገድ ያስነሳሉ። ይሄይስ ሞገዱን አብረው ከሚበሩ ሁለት ሳተላይቶች መረጃ፣ በግራፍ እያየ ያጠና ነበር።

ኋላ ዓይኑን ግላኮማ ያዘው። ባሕር ዳር ታከመ፤ ሐኪሟ ግን የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ ነገረችው። ዳንግላ ቤቱ ገብቶ ስልክ ማንሳት ተወ። ሚስቱ እንቁ "ጠያቂ መጥቷል" ስትለው "ተኝቷል በይልኝ" ይላታል።

ለመመረቂያ ጽሑፏ የሚያማክራት ቤዛዊት የምትባል የአዘና ልጅ ነበረች። ሌላ አማካሪ እንድትፈልግ ላከባት። እሷ ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ ዳንግላ መጣች። እንቁ ሳታስፈቅደው አስገባቻት።

"መምህር፣ መረጃውን ወደ ድምፅ ቀይሬዋለሁ" አለችው።

"ምን ይሁነኝ ብለሽ?"

"ይስሙልኝ።"

ላፕቶፗን ከፍታ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገችለት። መጀመሪያ ከሩቅ እንደሚመጣ ዝናብ ያለ ነገር ተሰማው፤ ከዚያ ድንገት ጩኸት ሆነ።

"ሳተላይቷ ድንበሩን አለፈች!" አለ ይሄይስ ቀና ብሎ። "ከጩኸቱ በፊት ግን አጭር ፉጨት አለ። እስኪ መልሺው።"

"እሱ የመሣሪያው ረብሻ መስሎኝ ልቆርጠው ነበር።"

"አትቁረጪው። ሌላዋ ሳተላይት ላይስ አለ?"

አላየችም ነበር። አብረው ሲፈልጉ ረፈደ። ፉጨቱ በአንደኛዋ ከተሰማ ጥቂት ቆይቶ በሁለተኛዋም ይሰማል። የመሣሪያ ረብሻ ቢሆን ከአንዷ ወደ ሌላዋ አይጓዝም። ይሄይስ "አላልኩሽም!" እያለ ጠረጴዛውን ይመታል፤ ቤዛዊት ደግሞ "ቆይ፣ ገና አንዴ ነው ያገኘነው" እያለች ትከራከረዋለች። እንቁ ምሳ ይዛ ብትገባ ልብ የሚላት ጠፋ። ከሕክምናው ወዲህ ባሏ እንዲህ ሲናገር ሰምታው ስለማታውቅ፣ ሳህኑን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

ፉጨቱን የፈጠረው ሞገድ አዲስ ግኝት አልነበረም፤ ሌሎች ተመራማሪዎችም ያውቁታል። ለቤዛዊት ግን የጽሑፏ ዋና ምዕራፍ ሆነ። ሰኔ ላይ ለፈታኞች ስታቀርብ ይሄይስ የእንቁን ክንድ ይዞ መጣ።

"ረብሻ አለመሆኑን በምን አወቅሽ?" አላት አንደኛው ፈታኝ።

የሁለቱን ሳተላይቶች ድምፅ አከታትላ አሰማቻቸው። ፈተናውን አለፈች።

ውጭ የቤዛዊት እናት የይሄይስን እጅ ይዛ በአዊኛ ብዙ ተናገረች።

"ምን ትላለች?" አለ።

"ልጄን ስላልተዉአት አመሰግናለሁ ትላለች።"

"እኔማ ትቻት ነበር፤ እሱንም ንገሪያት" አላት። ቤዛዊት ግን እየሳቀች ሌላ ነገር ነገረቻት።

ይሄይስ በመስከረም ወደ ክፍል ተመለሰ። ቀመሩን በቃሉ ይላል፣ ተማሪ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ጠዋት ተነስቶ የሚከፋው ቀን ዛሬም አለ። እንቁ ታውቅበታለች፤ ያን ቀን እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ትሸኘዋለች።