በጠበሉ ውስጥ የሚዋኙት

መምህር ፈንታሁን በሳይንስ ስም የዋሸው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ሦስት መቶ ሰው ፊት።

ጊዜው 1971 ዓ.ም.፣ መጋቢት ነበር። ደብረ ታቦር ላይ የቀበሌው ካድሬ ጓድ እሸቴ ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋው። እሸቴ የሰው ቤት ሲገባ በር የመዝጋት ልማድ ነበረው። ያን ልማዱን ከተማው በሙሉ ያውቀዋል፤ የማይፈራውም አልነበረም።

"ከከተማው በታች ያለው የዋሻ ጠበል አንጀቴን አቃጥሎታል" አለ፣ ወንበሩን እየሳበ። "ስብሰባ ስንጠራ ሰው ጠበል ላይ ነው። ለእርከን ሥራ ስንጠራ ሰው ጠበል ላይ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ውይይት ይደረጋል። በአንድ ወገን አንተ፣ በሌላው ወገን የጠበሉ አጥማቂ ቄስ ማሩ። ሰፊው ሕዝብ በጠበሉ ውስጥ የሚርመሰመሰውን ተባይ በማይክሮስኮፕ በገዛ ዓይኑ ያያል። ሰኞ ዋሻውን በግንብ እንዘጋለን።"

"እኔ እኮ አይቼዋለሁ" አለ ፈንታሁን። "አምና ከተማሪዎቼ ጋር መርምሬዋለሁ። ከቋጥኝ ሥር የሚወጣ ስለሆነ ንጹሕ ነው። ምንም የለበትም።"

እሸቴ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ብልቃጦች አንድ በአንድ እያነሳ አያቸው።

"እዚህ ክፍል ኬሚስትሪ ያስተምር የነበረው ልጅ ስሙ ማን ነበር?"

ፈንታሁን የጓደኛውን ስም ነገረው። ከተወሰደ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል፤ እናቱ ስንቅ ይዛ ስትመላለስ ቆይታ፣ አንድ ቀን ከእንግዲህ አታምጪ ተባለች።

"አዎ፣ እሱ" አለ እሸቴ። "እሱም ምንም የለበትም ማለት ይወድ ነበር። ደህና አድርገህ ፈልግ፣ ይገኛል። ጠብታዋንም ሕዝቡ እያየህ ከጀሪካኑ ነው የምትቀዳት፤ በኋላ አጭበረበሩን እንዳይሉ።"

ፈንታሁን የፈራው ለራሱ ብቻ አልነበረም። ሚስቱ ብዙነሽ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱም ጊዜ ሳይደርስ ወጥቶባታል። አሁን በየማለዳው ነጠላዋን ተከናንባ ትወጣለች። የት ነበርሽ ሲላት ጎረቤት ትለዋለች። ጎረቤት ደርሳ የምትመጣ ሴት ፀጉሯ ለምን እንደሚርስ እሱ አይጠይቅም፣ እሷም አትነግረውም። ውኃው ውኃ ብቻ እንደሆነ ያምናል። ግን ከዋሻው ስትመለስ ፊቷ ላይ የሚያየው መረጋጋት የትኛውም መድኃኒት ቤት የማይሸጠው ነው። ዋሻው ከተዘጋ ተስፋዋ ይሰበራል። እሱ እምቢ ካለ ደግሞ ወስደውት ሆዷን ይዛ ብቻዋን ትቀራለች። ሦስት ቀን ሙሉ ይህንኑ ሲያወጣና ሲያወርድ ሰነበተ።

ቅዳሜ ጠዋት ዲያቆን ሙላቴና አንድ አብዮት ጠባቂ አብረው ወርደው ከዋሻው ጠበል በጀሪካን ቀድተው መጡ። ጀሪካኑ እሁድ ድረስ በቤተ ሙከራው እንዲቀመጥ፣ ቁልፉም በፈንታሁን እጅ እንዲሆን ሁለቱም ወገን ተስማማ። ካድሬው የተስማማው አስፈራርቼዋለሁ ብሎ ነው። ቄሱ የተስማሙት ደግሞ የብዙነሽ ባል ስለሆነ፣ ሰው አድርገው ስለቆጠሩት።

ከሰዓት በኋላ ፈንታሁን የጠበሉን ግማሽ ጓሮ ደፋው። ከዚያ ባልዲ ይዞ ከበግ ተራው በታች ካለው ኩሬ ቀዳ። ከብቱ የሚጠጣበት፣ የገበያው እዳሪ ሁሉ ታጥቦ የሚገባበት ኩሬ ነው። ባለፈው ክረምት ከዚያ የጠጡ አራት ሰዎች ደም በቀላቀለ ተቅማጥ አልቀዋል። ውኃውን በነጭ ጨርቅ ሦስት ጊዜ አጠለለው። ኩልል ሲልለት ጀሪካኑን ሞላበት። ማንም አይጠጣውም፣ አይተውት ይደፋል እያለ ራሱን አጽናና። ለራስ የሚነገር ውሸት ደግሞ አድማጭ አያጣም።

እሁድ አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም አለ። ግማሹ ከቅዳሴ በቀጥታ የመጣ ነው፣ እህል ውኃ አልቀመሰም። ግማሹ ደግሞ ቀሪ እንዳይጻፍበት ብሎ የመጣ ነው። ከጉና በኩል የሚነፍሰው ብርድ ገና አልለቀቀም። ብዙነሽ ከሴቶቹ መካከል ፊት ተቀምጣለች። ባሏ ጠበሉን ሊያዋርድ እንደመጣ ታውቃለችና ቀና ብላ አላየችውም።

እሸቴ መፈክሩን አሰምቶ፣ ጭብጨባውን ተቀብሎ፣ ወደ ቄስ ማሩ ዞረ።

"ጠበልዎ የሚያድን ከሆነ፣ አምና ስንት ሰው ሞተብዎት?"

"ብዙ ሞቷል" አሉ ቄስ ማሩ ከተቀመጡበት ሳይነሱ። "ሐኪም ቤቱስ ሰው አይሞትበትም እንዴ ጌታው? እሱንም ይዝጉታ!"

አዳራሹ ሳቀ። እሸቴ አልሳቀም።

ፈንታሁን ተነሥቶ በሽታ በዓይን በማይታዩ ነፍሳት እንደሚተላለፍ አስረዳ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ቄሱ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡትና፣

"መምህር፣ በዚህ መነጽርህ እግዚአብሔርን ፈልገኸው ታውቃለህ?" አሉት።

"በመነጽር የሚታየውን ብቻ ነው የምፈልገው አባ።"

"ደግ መልሰሃል። እንግዲህ የሚታየውን አሳየን።"

ማይክሮስኮፑ መስኮቱ ሥር፣ ብርሃን ባለበት ተቀምጧል። ፈንታሁን ከጀሪካኑ አንዲት ጠብታ ቀዳና በመስታወቷ ላይ አኖራት። እሸቴ መጀመሪያ የሚያየውን ሰው ራሱ መረጠ። አያ በላይነህ ይባላሉ፤ ከጉና ሥር ድንች የሚያመርቱ፣ የታመመች ሚስታቸውን ጠበል ይዘው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። አገሩ ሁሉ የሚያውቃቸው ዋሽተው ስለማያውቁ ነው። በእሸቴ ቤት ጭቁን ገበሬ ሲመሰክር ማን ይከራከራል?

አያ በላይነህ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ።

"ምን ይታይዎታል?" አለ እሸቴ፣ ድምፁን ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ።

"ይንቀሳቀሳሉ!"

"እነማን?"

"እኔ ምን አውቄ! ይዋኛሉ… ያበራሉ… በዙሪያቸው ክንፍ የሚመስል ነገር ያርገበግባሉ።" ሽማግሌው ቀና ሲሉ ጉንጫቸው በእንባ ርሷል። "ጎበዝ፣ ውኃው ሕያው ነው! ነፍስ አለው!"

ከዚያ ዲያቆን ሙላቴ ብድግ ብሎ "ማየ ሕይወት!" ብሎ ጮኸ። የሕይወት ውኃ ማለቱ ነው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሰው እየተጋፋ ወደ መስኮቱ ጎረፈ፤ ያየ ሁሉ እያማተበ ላላየው ይነግራል። አንዱ ስድስት ክንፍ ቆጠርኩ አለ። ሌላው በግንባሩ ተደፋ። ቄስ ማሩ ራሳቸው ሄደው አዩ።

"አርባ ዓመት አጠመቅሁበት" አሉ። "አምኜ ነበር እንጂ አይቼ አልነበረም። ዛሬ እግዚአብሔር በእናንተው መሣሪያ አሳየኝ።"

እሸቴ "ተባይ ነው! በሽታ ነው! ጓዶች!" እያለ ቢጮህ ማን ይስማው? ጀሪካኑን ሊያነሳ ሲል አሥር እጅ ቀደመው። አብዮት ጠባቂዎቹ እንኳ ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ተራቸውን ለማየት አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

ፈንታሁን መስኮቱ ሥር ደርቆ ቀረ። መጀመሪያ የመጣበት ሳቅ ነበር። ቀጥሎ አንድ ሐሳብ መጣለት፣ የሚያጓጓ ሐሳብ። ከዛሬ በኋላ ያን ዋሻ ለመዝጋት የሚደፍር አይገኝም። እሱም የታዘዘውን አድርጓል፣ ሕዝቡ ክንፍ ካየ የእሱ ጥፋት አይደለም። ዝም ቢል ዋሻውም ይተርፋል፣ እሱም ይተርፋል።

"ሁላችሁም ባዶ ሆድ ናችሁ፣ ትጠጣላችሁ" አሉ ቄስ ማሩ ደስታው ድምፃቸውን እየሰባበረው። "ግን በተራ። ነፍሰ ጡር ትቅደም። ነይ ልጄ ብዙነሽ።"

ዲያቆኑ ጣሳውን ሞልቶ ሰጣት። ብዙነሽ በሁለት እጇ ተቀበለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባሏ ቀና ብላ አየችው። በዓይኗ ውስጥ ኩራት ነበር፤ አየህ፣ አንተው ራስህ አሳየኸን የሚል። አማተበችና ጣሳውን ወደ አፏ አስጠጋች።

"አትጠጪ!"

እንዲህ ጮኾ አያውቅም። ሰው ሁሉ ዞረ።

"ከዋሻው አይደለም" አለ ፈንታሁን። "ግማሹን ደፍቼ ከበግ ተራው ኩሬ ሞላሁበት። ያያችሁት የኩሬውን ነው። አትጠጡት፣ ይገድላችኋል።"

"ውሸት ነው!" አለ ዲያቆን ሙላቴ። "በገዛ እጄ ነው የቀዳሁት!"

"ካድሬው ጠቅሶት ነው!" አለ አንዱ ከኋላ። "ተአምሩ ቢያሳፍራቸው ጊዜ ነው!"

"አውጡት ይሄን ከሃዲ!"

ሰው ኮቱን ጨምድዶ ያዘው። ወደ ጀሪካኑ ሊደርስ ቢታገል ወደ ግድግዳው ገፍትረው አጣበቁት። ጠበል ሊያስደፋ! እሸቴ ደግሞ ፊቱ ከሰል መስሎ "ጓድ ፈንታሁን አሞታል፣ የሚለውን አያውቅም" ይላል። ለአንዴ ካድሬውና ምእመኑ ተስማሙ። ፈንታሁን ሚስቱን ብቻ ነበር የሚያየው። ጣሳው አሁንም ከከንፈሯ ስንዝር አይርቅም።

"ብዙዬ፣ በሆድሽ ባለው ይዤሻለሁ!"

"አምና እኮ ለተማሪዎችህ ንጹሕ ነው ብለህ ነበር" አለች ብዙነሽ። ድምፏ ቀጭን ነበር፣ ግን ተሰማ። "ዛሬ ደግሞ ተባይ አለበት ብለህ አሳየህ። አሁን ደግሞ የኩሬ ነው ትላለህ። የትኛውን ልመንህ?"

"ይሄኛውን።"

"ለምን?"

"ይሄኛው የሚያስወስደኝ ስለሆነ።"

ብዙነሽ እሸቴን አየችው። ቄሱን አየች። ከዚያ ሰው እያየ፣ ጣሳውን ቀስ ብላ ዘቅዝቃ ውኃውን መሬት ላይ አፈሰሰችው።

ጠበል በእግር እንዳይረገጥ ጠብታው እንኳ በነጠላ ነው የሚጠረገው፤ ይህን ከማንም በላይ የምታውቅ ሴት ናት።

"የዋሻው ጠበል ከሆነ ኩነኔው በእኔና በልጄ ይሁን" አለች።

ከዚያ በኋላ የሚገፋ አልነበረም። ቄስ ማሩ መጥተው ጀሪካኑን ከፈቱ። በመዳፋቸው ላይ ጥቂት አፍስሰው አሸተቱ፣ በምላሳቸው ጫፍም ነኩና ተፉት። ጀሪካኑን አንስተው በበሩ አውጥተው ደፉት። አያ በላይነህ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ። ካየው ሰው ሁሉ ይበልጥ የተጎዱት እሳቸው ነበሩ፤ ፈንታሁን ሊያያቸው አልቻለም።

ቄሱ ተመልሰው ፊቱ ቆሙ።

"የእኛውንስ መርምረኸው ነበር?"

"መርምሬዋለሁ አባ።"

"ምን አገኘህበት?"

"ምንም። ንጹሕ ውኃ ነው።"

"ንጹሕ ውኃ" አሉ ቄሱ፤ ጠበቁ። ሕዝቡም ጠበቀ። አንዲት ቃል ብትጨመር ያን ሰዓት ሦስት መቶ ሰው ከጎኑ ይቆም ነበር። "ሌላስ?"

"ሌላ አላየሁም አባ። ውኃ ብቻ ነው።"

ቄስ ማሩ ራሳቸውን ነቀነቁና ዞር አሉ። ሕዝቡም ዞረ። እሸቴ የጠበቀው ይህንኑ ነበር፤ በአገጩ ጠቆመ። ሁለቱ አብዮት ጠባቂዎች ፈንታሁንን ግራና ቀኝ ያዙት። ተዉት ያለ የለም፤ ስለ ሰኞው ግንብ ያነሳም አልነበረም። ከሞት ያተረፈው ሰው ሁሉ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ መንገድ ለቀቀለት።

በሩ ላይ ብዙነሽ ቆማ ነበር። ከለከሏት፣ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። አታለቅስም። ባዶው ጣሳ አሁንም እጇ ላይ ነው።

"ነገ ወደ ዋሻው ልውረድ?" አለችው። ባልና ሚስት ስለ ዋሻው ሲነጋገሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሊነግራት የፈለገው ብዙ ነበር፤ ስለ ማሕፀን፣ ስለ ደም ማነስ፣ ስለ ውኃ።

"ውረጂ" አላት። "ግን ቀስ እያልሽ። ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፣ የሚይዝሽ ሰው ፈልጊ።"