የቦራ ጀርባ

እንጦጦ የመናገሻ ከተማ በነበረችበት ዘመን «የጫኝ ምስክሩ የበቅሎ ጀርባ ነው» ይባል ነበር። አባባሉ እውነት ነው። ችግሩ ዳኛው ባልደራስ ከበበ መሆኑ ነው።

ከበበ የአንድ ትልቅ ጌታ በቅሎዎች ኃላፊ ነበር። በየዓመቱ በመስቀል ማግስት ጫኞቹን ሰብስቦ፣ ከጭነት ስር የሚነጠፈውን ድብዳብ አስገፍፎ፣ የበቅሎዎቹን ጀርባ በእጁ ይዳስሳል። ከዚያ የጫኝ አለቃ ይሾማል። አለቃ የሆነ ሰው የካ ግርጌ ያለውን ማሳ በደመወዝ ፈንታ በማደሪያነት ይይዛል። ያንን ማሳ ጌቶች ከመምጣታቸው በፊት ኢቲቻ የሚባል ሰው ያርሰው ነበር። የኢቲቻ ልጅ ጉተማ እንግዲህ የገዛ አባቱን መሬት ለማግኘት የሰው በቅሎ ይጭናል። ይሄን ፍርድ የሚለው ካለ ይበለው።

ጉተማ ድብዳቡን አጥፎ ነው የሚያነጥፈው። ቁልቁለት አፋፍ ላይ ሲደርስ ጭነቱን አውርዶ፣ በቅሎዎቹን አሳርፎ፣ መጫኛውን እንደገና ያጠብቃል። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ሳይጠጥር አይነቃነቅም። ጓደኛው አባይነህ ይስቅበታል።

«አንተ ለምን እዚሁ አፋፉ ላይ ጎጆ አትቀልስም?»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይለዋል ጉተማ።

መስቀል አለፈና ድብዳቡ ተገፈፈ። የአባይነህ በቅሎዎች ጀርባቸው ተገሽልጦ ዝንብ ወሮታል። የጉተማ ቦራ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት በቅሎ፣ ጭረት እንኳ የለባትም። የጉተማ ሚስት ዲንቄ ከሴቶቹ መሃል ቆማ ፈገግ ትላለች። ማሳውን በልቧ አርሳ ጨርሳለች።

ከበበ የቦራን ጀርባ ዳሰሰ። ደግሞ ዳሰሰ።

«ይቺ ምን ስትሠራ ከረመች?»

«ጥድ ስታወርድ፣ እህል ስታወጣ ነው ጌታዬ።»

«የሠራ ጀርባማ ይታወቃል! የአባይነህን አታይም? አንተ ስታንቀባርራት ነው የከረምከው።»

«ስለተጠነቀቅኩላት ነው ያልቆሰለችው ጌታዬ። ጭነቷ ከማንም አያንስም፤ ጫኞቹን ይጠይቋቸው።»

ጫኞቹ መሬት መሬቱን አዩ። ከበበ «የጌታን በቅሎ ማሞላቀቅ ሙያ አይደለም» አለና አባይነህን ሾመ። ይሄን ባነሳሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ቁስል ምስክር ሆኖ ሲቆም፣ ጥንቃቄ ተከሳሽ ሆነ።

አባይነህ ማሳውን ያዘ። ጉተማና ዲንቄ በኢቲቻ መሬት ላይ የአባይነህ ጭሰኛ ሆኑ።

ክረምት ገባ። አባይነህ ጀርባዋ የቆሰለ አንዷን በቅሎ በዝናብ ጥድ ጭኖ ቁልቁለቱን ያዘው። አፋፉ ላይ አላረፈም። መጫኛው ላላ፣ ግንዱ ተንሸራቶ ቁስሏ ላይ አረፈ፣ በቅሎዋም ሕመሙን አልቻለችም፤ ዘላ ገደል ገባች። አባይነህ የመሳቢያዋን ገመድ ክንዱ ላይ ጠምጥሞት ነበር። ሬሳውን ከገደል ያወጣው ጉተማ ነው።

ለቅሶው ላይ ከበበ «እንደሱ ያለ ጫኝ ከእንግዲህ አይገኝም» እያለ አለቀሰ። ጉተማ ከጎኑ ቆሞ ሰማው።

በጳጉሜን ጉተማ የቦራን ድብዳብ ገፎ ጣለና ጥዱን በባዶ ጀርባዋ ጫነባት። መጀመሪያ ዞራ አየችው። ከዚያ ወዲያ ወደ እሱ አልዞረችም።

በመስቀል ማግስት ከበበ ዝንቡን በጭራው አባርሮ ቁስሉን አየና የጉተማን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«አሁን ሙያ ገባህ!» አለው።

ዲንቄ ዘንድሮ አልሄደችም ነበር፤ ያምናው ይበቃታል። ጉተማ ሹመቱን ይዞ ሲገባ እልል አለች። ቀጥላ ዛሬ ከጌታው ጋጣ የመጣችውን ቦራን ውኃ ልታጠጣ ወጣች። እልልታዋ ተቋረጠ።

«ጉተማ! ማነው እንዲህ ያደረጋት?»

ጉተማ ደጁ ላይ ቆሞ የአባቱን ማሳ ያያል።

«አለቃው» አላት።