ቃላቱ የተፋቁበት ሰሌዳ

ደብረ ማርቆስ ባለው የእግረኛ ድልድዮች ፕሮጀክት ቢሮ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳውን ያዘጋጀችው የዕቅድና ክትትል ባለሙያዋ የኔአለም ናት። ፕሮጀክቱ በገጠር ወንዞች ላይ ስድስት ተንጠልጣይ ድልድዮች ይሠራል፤ የእያንዳንዱ ድልድይ ሥራ በካርድ ተከፋፍሎ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። ካርዱ ቀለም አለው፤ በላዩም ቃል ተጽፎበታል። ቀዩ ላይ «አይከፈት»፣ ቢጫው ላይ «በሥራ ላይ»፣ አረንጓዴው ላይ «ይከፈት»። ያው ዝርዝር በሠራተኞቹ ስልክም ይታያል። የኔአለም ኮምፒውተሯ ላይ የለወጠችው ነገር ሳይት ላይ ላለው ሰው ወዲያው ይደርሰዋል።

በሚያዝያ ወር ከአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት እንግዶች ሊመጡ ሆነ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ መሳፍንት ሰሌዳው ፊት ቆሞ ፊቱን አጨማደደ።

«ይህ ሁሉ ጽሑፍ ምንድን ነው? ገበያ መሰለኮ» አለ። «ቃሉን አውጪው። ቀለሙ ብቻውን ይናገራል።»

«ስልኩ ላይ ያለውንም?»

«ሁሉንም። አንድ ዓይነት ይሁን።»

የኔአለም አወጣችው። በማግሥቱ የሳይት ተቆጣጣሪው ዓለምነው ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ዓለምነው የመርጡለ ማርያም ሰው ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ በግንበኝነት ሠርቶ ነው ተቆጣጣሪ የሆነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«የኔአለም፣ ጽሑፉ ቢመለስ ጥሩ ነው» አላት።

«ምነው ጋሽ ዓለምነው? አስቸገረዎት?»

ወደ በሩ ዞር ብሎ ማንም አለመኖሩን አየ። «ቀይና አረንጓዴ አይለዩልኝም። ሁለቱም የአፈር መልክ ነው የሚመስሉኝ። ልጅ ሆኜ እናቴ ቀይ በርበሬ ልቀም ብላ ስትልከኝ ቃሪያውን ሁሉ ለቅሜ ገባሁ፤ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቃሉ ካለ ግን ችግር የለብኝም።»

የኔአለም የዚያኑ ቀን ማስታወሻ ጻፈች። ስሙን አልጠቀሰችም፤ «ቀለም ለመለየት የሚቸገር ሠራተኛ ሊኖር ስለሚችል ጽሑፉ ወደ ቦታው ይመለስ» ብላ ጠየቀች። ማስታወሻው በመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በአርሴማ በኩል ገብቶ ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሰላት። በዳሩ በመሳፍንት እጅ «ቀለም የማያውቅ ሠራተኛ የለንም» ተብሎ ተጽፎበታል። የኔአለም አነበበችው፤ ተናደደችም፤ ግን ማስታወሻውን አርሴማ ጋ አስቀምጣ ሥራዋን ቀጠለች። በኋላ ራሷን የወቀሰችው ለዚህ ነው።

ዓለምነው ከዚያ ወዲህ ስልክ እየደወለ የካርዱን ቀለም ይጠይቃት ጀመር። እሷም ትነግረዋለች። እንዲህ እያሉ ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ።

አንድ ዓርብ ዓለምነው ከሉማሜ ወጣ ብሎ በሚገኘው ድልድይ ላይ ነበር። ድልድዩ ሲታይ ያለቀ ነው፤ ጣውላው ተነጥፏል፣ የብረት ገመዱም ተወጥሯል። የገመዱን ብሎኖች የሚያጠብቁት ግን ከደብረ ማርቆስ የሚመጡ ሌሎች ሠራተኞች ናቸው፤ ሥራቸውን መጨረስ አለመጨረሳቸው የሚታወቀው በካርዱ ነው። ለቅዳሜ ገበያ የሚሻገሩ ሰዎች በማዶ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ወንዙ ሞልቷል። አንድ ሽማግሌ «ምን ጎደለው? ክፈቱልን እንጂ» ይላሉ። ዓለምነው ለየኔአለም ደወለ፤ ኔትወርክ የለም። እንደገና ሞከረ፤ የለም። ስልኩን ከፍቶ ጠዋት ኔትወርክ ሳለ የደረሰውን ካርድ አየ። በሚያየው መልክ፣ ቀይ መሆኑ ከተነገረው ከላይኛው ካርድ ደመቅ ያለ መሰለው። አረንጓዴ ነው ብሎ ገመተና ድልድዩን ከፈተ።

ካርዱ ቀይ ነበር።

አራት ሰዎች በደኅና ተሻገሩ። አምስተኛዋ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ጤፍ በጀርባቸው አዝለው ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ገመዱ በአንድ ወገን ረገበና ጣውላው ዘመመ። ወይዘሮዋ ወንዙ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ወደቁ። ሕይወታቸው ተረፈ፤ ቀኝ ክንዳቸው ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። ዓለምነው ራሱ ተሸክሞ መኪና መንገድ አወጣቸውና ማርቆስ ሆስፒታል አደረሳቸው።

ሰኞ ጠዋት መሳፍንት ደብዳቤ አወጣ። «ቀይ ምልክት ያለበትን ሥራ በቸልተኝነት በመክፈት» ይላል፤ ዓለምነው ከሥራ ታግዶ በሦስት ሰዎች ኮሚቴ እንዲጠየቅ ያዛል። የኔአለም ደብዳቤውን አነበበችው። በቀጥታ ዓለምነው ወዳለበት ሆስፒታል ሄደች። ከወይዘሮዋ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ አገኘችው።

«ኮሚቴው ፊት እንናገራለን» አለችው።

«አንቺ ተይው። እኔ ነኝ የከፈትሁት።»

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ከአልጋቸው ሆነው ይሰሙ ነበር። «ምኑን ነው የምትተወው?» አሉ። የኔአለም የዓለምነውን ፊት አየች፤ በእሺታ አንገቱን ነቀነቀላት። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። ወይዘሮዋ የታሰረ ክንዳቸውን አዩና፣

«እንግዲህ ሰሌዳ እንዲያምር ነው ክንዴ የተሰበረው» አሉ። ወደ ዓለምነው ዞረውም፣ «አንተም ጥፋት አለብህ። ካላየህ አላየሁም ማለት ነበረብህ። አልምርህም አላልሁም፤ ግን ሄደህ ተናገር። እኔን የጣለኝ ሰው ስም በትክክል ይጻፍልኝ» አሉት።

ኮሚቴው ረቡዕ ተቀመጠ። መሳፍንት ከሳሽ ሆኖ የካርዱን ምስል አሳየ። «ይህን ሕፃንም ይለየዋል» አለ።

ዓለምነው ተነሣ። «እኔ አልለየውም» አለ። «ከልጅነቴ ጀምሮ አልለየውም። ቃሉ ተጽፎበት ሳለ ግን አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ሳላረጋግጥ መክፈቴ ጥፋቴ ነው፤ እቀጣበት። የማላየውን ነገር በቸልተኝነት አለፈው መባል ግን አልቀበልም።»

«ይህን ዛሬ ነው የምሰማው» አለ መሳፍንት። «ተነግሮኝ ቢሆን ኖሮ...»

«ተነግሮዎታል» አለች የኔአለም።

«በምን?»

«በጽሑፍ።»

መሳፍንት እንዲህ ያለ ማስታወሻ አልደረሰኝም አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አርሴማን አስጠሩ። አርሴማ ፋይሉን ይዛ ገባች፤ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ከዚያም በዳሩ ያለውን የእጅ ጽሑፍ ድምፅዋን ሳትለውጥ አነበበች። «ቀለም የማያውቅ ሠራተኛ የለንም።» መሳፍንት ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ አንከባለለ።

ውሳኔው በሳምንቱ መጣ። «ቸልተኝነት» የሚለው ቃል ወጣ፤ ዓለምነው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ወደ ሥራው ተመለሰ። ፕሮጀክቱ የወይዘሮዋን የሕክምና ወጪ እስከ መጨረሻው እንዲችል ተወሰነ። ቃላቱም ካርዶቹ ላይ እንዲመለሱ ታዘዘ። ስለ መሳፍንት ውሳኔው አንድ መስመር አልያዘም። የኔአለም ገጹን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ባዶ ነው።

በሰኔ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ለፊርማ ጠረጴዛዋ ላይ ደረሰ። «የተገኙ መልካም ተሞክሮዎች» በሚለው ርእስ ሥር እንዲህ ይላል፦ «በኃላፊው አነሳሽነት ቀለምና ጽሑፍን ያጣመረ አዲስ የምልክት አሠራር ተዘርግቷል።» የኔአለም ሦስት ጊዜ አነበበችው። ስለ ወለተ ኢየሱስ መውደቅ ሪፖርቱ ውስጥ አንድም ቃል የለም።

ሪፖርቱን ይዛ ወደ መሳፍንት ክፍል ገባች።

«ይህን አልፈርምም።»

«ምን ጎደለው?»

«አሠራሩ አዲስ አይደለም። ነበረ። እርስዎ አስፍቀውት ሰው ወደቀ።»

«አሁን ተስተካክሏል አይደል? ለምን ያለፈውን ታነሺያለሽ?»

«የሴትዮዋ ክንድ ገና አልዳነም» አለች። «አላለፈም።»

መሳፍንት እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ጠየቃት። አልሰጠችውም። ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ያን አንቀጽ በእስክሪብቶ ሰረዘችው። ከሥሩም ቃላቱ መቼ፣ በማን ትእዛዝ እንደወጡ፣ የማስታወሻዋን ቁጥር፣ የወደቁትን ሴት ሙሉ ስምና የአደጋውን ቀን ጻፈች። ከዚያ ፈረመችበት። አርሴማ ማኅተም መታችበት፤ ቅጂውን ፋይል አደረገችና ዋናውን ለአዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት በተጻፈ ፖስታ ውስጥ ከተተችው። የኔአለም ሌላ ሰው እስኪወስድላት አልጠበቀችም፤ ባጃጅ ይዛ ራሷ ፖስታ ቤት አደረሰችው።