ፕሮፌሰር ለልጁ የመረጠላት ፕሮግራም

በኮንዶሚኒየማችን «ፕሮፌሰር» የምንለው ጎረቤቴ ፋርማሲስት ነው። ስሙን ያወጣንለት ለማሾፍ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው።

የዘጠኝ ዓመት ልጁ የኮምፒውተር ጨዋታ መሥራት ልማር አለችው። አስተማሪዋ ባለቀለም ብሎኮችን እየጎተቱ የሚገጣጥሙበትን ፕሮግራም እንዲጭንላት መከረችው። አገላብጦ አየና፣ «ይሄማ የሕፃን ነው» ብሎ፣ ትልልቆቹ የሚሠሩበትን፣ ሁሉ ነገር በኮድ የሚጻፍበትን ጫነላት።

«ለልጅ ሽሮፕ፣ ለአዋቂ ክኒን የምትለን አንተ አይደለህ እንዴ?» አልኩት።

«የኔ ልጅ ጭንቅላቷ ሌላ ነው» አለኝ።

ልጅቷ ጥቂት ቀን ታገለችና ተወችው። እሱ ግን ጨዋታ እየሠራች ነው ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቶ ነበርና ወደ ኋላ ማለት አቃተው። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ተሠርቶ አልቋል ብሎ ጠራን።

ስክሪኑ ላይ አንዲት ኳስ እየነጠረች ግድግዳ ታፈርሳለች። ደስ ትላለች። አጨበጨብን። ልጅቷ ግን አንገቷን ደፍታ የሹራቧን እጅጌ ትጎትታለች።

እኔ መነጽሬን ቤት ትቼ ስለነበር፣ «የኔ እናት፣ እስቲ ኳሷን ቀይ አድርጊልኝ፤ በደንብ አልታየችኝም» አልኳት። ክፋት አልነበረኝም።

ማውሱን ያዘች። አንዴ ኮዱን፣ አንዴ አባቷን አየች። ጆሮዋ ቀላ።

«ደክሟታል» አለ ፕሮፌሰር ቶሎ ብሎ።

«አልደከመኝም» አለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። «የት ጋ እንደሚቀየር ነው የማላውቀው።»

ያኔ ነገሩ ለሁላችንም ገባን። አንዱ ጫማውን፣ ሌላው ጣሪያውን ማየት ያዘ። እኔም አፌን በቆረጠው አልኩ።

እናቷ ከበሩ ላይ ሆና ባሏን አየችው። ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለ በመጨረሻ። «‹የኔ ነው በይ› ያልኳትም እኔው ነኝ። እሷ እንቢ ብላኝ ነበር።»

ማንም አልሳቀበትም፤ ቢስቁበት ይቀለው ነበር። ሁሉም ሥራ እንዳለው ድንገት ትዝ አለውና እየተነሣ ወጣ። እኔ ያለ መነጽር ጃኬቴን ስፈልግ ወደ ኋላ ቀረሁ። ፕሮፌሰር አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ነበር።

«አስተማሪሽ ያለችውን እንጫነው?»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አንተ አትነካውም ግን።»

«አልነካም።»

«ሁሌም እንደሱ ነው የምትለው።»

ተነሥቶ ከወንበሯ ጀርባ ቆመ፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። ደኅና ዋሉ ብዬ ስወጣ ቀና ብሎ አላየኝም።