ሦስቱም ሦስት ለባዶ

የስፖርት ዜና የሚያነበው ሰውዬ ዛሬም በጠዋቱ ጀመረልኝ። «ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድናችን በዓለም አቀፍ ውድድር ያለው ታሪክ አንገት የሚያስደፋ ነው» ይላል። «በመጨረሻው ተሳትፎ ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት። ሦስቱም ሦስት ለባዶ።» መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ተነሣሁ። ቀሚስ ልታስለካ የመጣችው ሴትዮ ደነገጠች። ምን ታድርግ፣ ከሬዲዮ ጋር የሚጣላ ልብስ ሰፊ አይታ አታውቅም። ግን ውሸት ነው! ሦስቱንም አሸንፈናል፤ አብዛኛውን ጎል ያገባውም የገዛ ወንድሜ ነው።

ከዚያ በፊትማ ምን ታሪክ ነበረን? ልጆቹ ይሄዳሉ፣ አራት አምስት ይቆጠርባቸውና ይመለሳሉ። ሰፈሩ «እነዚህን የሚልኳቸው ሌላው እንዲለማመድባቸው ነው» እያለ ይሳለቅባቸው ነበር።

ወንድሞቼ ሁለት ነበሩ፤ ትልቁና ትንሹ። ቤት ውስጥ የምንጠራቸውም እንደዚያው ነው። ትንሹ ገና ልጅ ሳለ ማጅራት ገትር ወሰደው። ከዚያ ወዲህ እናቴ «ሞተ» የሚለውን ቃል ከአፏ አውጥታ አታውቅም። እኛንም «እሱ ይሙት» ብለን እንዳንምል ከለከለችን። አንዴ ጎረቤታችን ሳታስበው «ልጅሽ ይሙት፣ እውነቴን ነው» ብትላት በሩን ዘጋችባት፤ ለወራት አላናገረቻትም።

ትልቁ ኳስ ላይ እሳት ነበር። የቡድኑ አሠልጣኝ ሲያገኘው ግን ዕድሜው በሁለት ዓመት አልፏል። ሰውዬው መላ አያጣም፤ «በታናሽህ ስም ተመዝገብ» አለው። እናቴ መጀመሪያ እሪ አለች። የመጀመሪያው ጨዋታ ዕለት ግን ሬዲዮው የትንሹን ስም ጠርቶ «ጎል!» ሲል ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እያለቀሰች ደግሞ ትስቃለች። «ሰማሽ? ጠሩት እኮ!» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በስሙ መጫወቱን አልተቃወመችም።

በሦስተኛው ጨዋታ ያሸነፍናቸው ሰዎች ከሰሱ። የሚጫወተው ታላቅየው ነው የሚል ወሬ ደርሷቸዋል። ልጆቹ አገር ቤት ተመልሰው ለሚቀጥለው ዙር እየተዘጋጁ ሳሉ መርማሪ ሊመጣ ነው ተባለ። አሠልጣኙ ቤታችን እየተጣደፈ መጣ።

«እማማ፣ አንዲት ቃል ብቻ ናት» አለ። «‹የሞተው ትልቁ ነው፤ ይሄ ትንሹ ነው› ይበሉ። አለቀ።»

«በቁሙ? ፊቴ ተቀምጦ?»

«ልጁን እኮ የውጭ ክለብ እየጠበቀው ነው። ከተነቃበት ዕድሜ ልኩን ይታገዳል።»

ትልቁ እግሯ ሥር ተንበረከከ። «እማዬ፣ በአፍ ስለተባለ አልሞትም እኮ። አንዴ ብቻ በይልኝ። ከዚህ ቤት የማወጣሽ በዚህች እግሬ ነው።»

ፀጉሩን ስትዳብስ ቆየችና «እሺ» አለች። አሠልጣኙን አፌ እንዳመጣልኝ ሰድቤ አስወጣሁት፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ቃሏን ሰጥታለች።

መርማሪው ከአስተርጓሚና ከአሠልጣኙ ጋር መጣ፤ ሽበታም፣ ትሑት ሰው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና «የሞተው ትልቁ ነው» አለች። ትልቁ አጠገቧ ተቀምጧል። ሰውየው ከልቡ አዘነላት። ተገላገልን ስል፣ «መቃብሩን ማየት ይቻላል?» አለ። እኔ ሰበብ መፈለግ ጀመርኩ። አሠልጣኙ ግን ቀድሞ ተነሥቶ «ይቻላል እንጂ!» አለ።

መቃብሩ ራስጌ የቆርቆሮ ሰሌዳ ቆሟል። ድሮ የትንሹ ስም ነበረበት። አሁን ነጭ ተቀብቶ፣ በላዩ ላይ በጥቁር ቀለም የትልቁ ስም ተጽፎበታል። እናቴ ተጠግታ አነበበችው።

«የልጅዎ ስም ይሄ ነው ወይ፣ እያለ ነው» አለ አስተርጓሚው።

ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ተከተለቻቸው። አጻጻፉን ታውቀዋለች፤ እጁን ይዛ ፊደል ያስጻፈችው ራሷ ናት። ዞራ አየችው። ትልቁ መሬት መሬቱን ያያል። ጥፍሮቹ ሥር ጥቁር ቀለም አለ።

«በገዛ እጅህ?» አለችው።

ከዚያ ሰሌዳውን በመዳፏ ትፈትገው ጀመር። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ እስከ ክንዷ ጠቆረች። «ልጄ አልሞተም! ይኸው ቆሟል! የሞተው ትንሹ ነው! ትንሹ ነው የሞተብኝ!» እያለች ጮኸች። አስተርጓሚው አቀረቀረ። መርማሪውም ተርጉምልኝ አላለውም።

ውጤቱ ሁሉ ተሰረዘ፤ ያሸነፍነው ሁሉ ሦስት ለባዶ እንደተሸነፍን ተቆጠረ። ትልቁ ታገደ። አሠልጣኙ? እሱማ «ቤተሰቡ አታለለኝ» ብሎ ሥራው ላይ ተደላድሎ ቀረ፤ ይድፋው!

ትልቁ ልብሱን ሸክፎ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ። «ለእሱ ብለሽ እኔን ገደልሽኝ» አላት። «ስሙ ስለተሸፈነ ነው እንደዚያ የሆንሽው።»

«ያንተን ስም እዚያ አንብቤ ነው፣ የኔ ልጅ» አለችው። አላመናትም። አሁን ሁለት መንገድ አልፎ መኪና ያጥባል፤ ቤታችን ግን አይረግጥም። እሷ ስትሄድ ደግሞ ይደበቃታል።

ዛሬም ሬዲዮውን ዘግቼ፣ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቄ፣ እስከ መኪና ማጠቢያው ደርሼ ተመለስኩ። እናቴ እንደ ሁልጊዜዋ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«አለ?» አለችኝ።

«አለ፣ እማዬ። ታክሲ እያጠበ ነው።»

«በዓይንሽ አየሽው?»

«በዓይኔ አየሁት።»

«በአፌ ብዬበታለሁ እኮ» አለች። «ነገም ሂጂና እዪልኝ።»