አሥራ አራት በር

ሸምሶ ስትናደድ የድሬዳዋ መጋላ ሰፈር በሙሉ ይሰማታል ይላሉ፤ ውሸት ነው። ሸምሶ የምትጮኸው ስትነጫነጭ ብቻ ነው፤ ውሃ ቀጂው ሲያረፍድባት፣ ወይ የጎረቤት ፍየል ከገመድ ላይ ሻሿን ስታኝክባት። የምር ስትናደድ ድምጿ ይጠፋል። በዚያ ሰኞ ጠዋት ድምጿን ያጠፋው አንድ ፎቶግራፍ ነበር።

ፎቶግራፉ የወጣው ከስዊድን በፖስታ በመጣ መጽሔት ላይ ነው። ሸምሶ የምትሠራበትን ትምህርት ቤት የከፈቱት ሙሴ ኒልስና ሚስቱ ማዳም ካሪን ስዊድናውያን ሚሲዮኖች ናቸው። በ1945 ዓ.ም. ከጅቡቲ በባቡር መጥተው፣ መጋላ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው፣ ለሴት ልጆች ፊደልና ስፌት እናስተምራለን አሉ። ወንበሩ ገባ፣ ሰሌዳው ተሰቀለ፤ ልጅ ግን የለም። ለፈረንጅ ሚሲዮን ልጁን የሚሰጥ የመጋላ እስላም ከየት ይመጣል? ማዳም ካሪን ስድስት ወር ሙሉ ባዶ ወንበር ስትወለውል ከረመች።

ልጆቹን ያመጣችው ሸምሶ ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ በሁርሶ መንገድ ተገልብጦ ከሞተባት ወዲህ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ እየሸጠች ትኖር ነበር። ሶማሊኛ አፏን የፈታችበት ነው፤ ኦሮምኛና አማርኛም እንደ ልቧ ትናገራለች። ማዳም ካሪን ጨርቅ ልትገዛ መጥታ ሦስት ቀን ተመላለሰችና አስተርጓሚ ሁኚልን አለቻት። ሸምሶ እሺ ከማለቷ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ልጆቹ እስላም ሆነው ገብተው እስላም ሆነው ይወጣሉ ወይ አለች። ሙሴ ኒልስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አዎን አለ፤ የእኛ ሥራ ማስተማርና ማገልገል ነው፣ ልብን የሚያውቅ እግዜር ነው አለ።

ሸምሶ ይህን ቃል ይዛ ዞረች። በሸምሶ ወገኖች ዘንድ እንዲህ ያለ ቃል በገበያ መሃል አይጣልም፤ የሰው በር ላይ ተቁሞ፣ የአባትና የአያት ስም ተጠርቶ ነው የሚሰጠው። የሰጠ ሰው ቃሉ ቢፈርስ ራሱ ያንኑ በር አንኳኩቶ ይናገራል እንጂ ከሌላ አፍ እስኪሰማ አይጠብቅም። ሸምሶ በአሥራ አራት በር የአባቷን ስም ጠርታ አሥራ አራት ልጅ አመጣች።

የልጆቹ ዓይን የታመመ ነበር። የዓይን ማዝ ግማሾቹን እያሳከከ፣ ሽፋሽፍታቸውን ወደ ውስጥ እያጠፈ ያሠቃያቸዋል። ማዳም ካሪን አገሯ ሳለች ነርስ ነበረች፤ በየጠዋቱ ከትምህርት በፊት ልጆቹን አንድ በአንድ ሳፋው ላይ አስጎንብሳ ፊታቸውን ታጥባለች፣ ቅባት ትቀባለች። ሁሉም ዳኑ ማለት ይቻላል። የቀረችው ኪንሲ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ የእሷ ብሶ ስለነበር ገና ሁለት ወር ሕክምና ይቀራታል። ሙሴ ኒልስ ይህን እጥበት አንድ ቀን ፎቶ አነሳው።

እንግዲህ መጽሔቱ ላይ የወጣው እሱ ነው። ኪንሲ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ቀና አድርጋለች፤ የካሪን እጅ ግንባሯ ላይ ውሃ ያፈስሳል፤ የቀሩት ልጆች ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። ሸምሶ ደስ ብሏት ከሥሩ የተጻፈው ምን ይላል ብላ ጠየቀች። ማዳም ካሪን አነበበችና ፊቷ ቅጠል መሰለ። መዋሸት ግን አይሆንላትም፤ ሸምሶንም አራት ዓመት ያቆያት ይኸው ጠባይዋ ነው።

«በድሬዳዋ አሥራ አራት የእስላም ልጆች ሲጠመቁ ይላል» አለች።

ባሏ ተጠራ። አላስተባበለም። ከስዊድን የላካቸው ማኅበር በየዓመቱ ስንት ሰው አመነ እያለ ይጽፋል፤ እሱም በየዓመቱ ማንም የለም እያለ ይመልሳል። ዘንድሮ ቤቱን ዘግታችሁ ተመለሱ ሊሉ ሆነ። አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ጻፍኩ አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! በልጆች የዓይን ሕመም ላይ ቆሞ ለራሱ ምእመን የሚቆጥር ሰው፣ በየማለዳው የሚጸልየው ምን ብሎ ነው?

ቀጥሎ ያለው ግን ከዚያ ባሰ። እዚህ አገር ስዊድንኛ የሚያነብ የለም አለ፤ መጽሔቱን እናቃጥለው፣ ትምህርቱ ይቀጥላል፣ ኪንሲም ሕክምናዋን ትጨርሳለች። ለእናቶቹ ብትነግሪ ልጆቹ በነጋታው ይቀራሉ፤ ማን ተጠቀመ? ሸምሶን ያንጨረጨራት የተናገረው ልክ መሆኑ ነው። ብትናገር ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ የልጅቷ ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ዝም ብትል ውሸቱ የእሷም ይሆናል። ሌላ ሰው ያረከሰውን ነገር ተሸክማ እሷ መምረጥ ነበረባት።

ማዳም ካሪን ለባሏ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረች። ረጅም ነበር፤ በመካከሉ እሱ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ስትጨርስ ባርኔጣዋን አንስታ ሸምሶ አጠገብ ቆመች።

«የሰጠሁት ቃል ያንተ ነበር» አለች ሸምሶ በቀጭን ድምፅ። «አሁን አሥራ አራቱም በር ትሄዳለህ። የጻፍከውን በራስህ አፍ ትናገራለህ፣ እኔ አስተረጉማለሁ።»

ወጡ። ፀሐዩ ገና በረፋዱ ይጠብስ ነበር። በመጀመሪያው በር ሙሴ ኒልስ ስለ ማኅበሩ፣ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ልቡ ሐሳብ ብዙ አወራ። ሸምሶ ከዚያ ሁሉ፣ ልጆቻችሁ ተጠመቁ ብዬ በውሸት ጻፍኩ የሚለውን አንዱን ዓረፍተ ነገር ብቻ ተረጎመች፤ ሌላውስ ሲላት፣ ምክንያትህን ለስዊድን ጻፍላቸው አለችው። የቤቱ እመቤት ፋርሒያ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ የካሪንን ፊት ስታይ ግን ሳቁ ጠፋና ልጇን በስሟ ጠርታ ከእንግዲህ ከቤት አትወጪም አለቻት። ሌላዋ እናት ኑርቶ ደግሞ ልጇን ለቢዮ አዋሌ መንደር ሰዎች አጭታ ነበር። አማቾቼ ይህን ቢሰሙ ልጄን ማን ያገባታል ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አንድ ሽማግሌ ምራቁን ጢቅ አድርጎ በሩን ዘጋ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የብዕር ወለምታማ ጨርሶ ወጌሻ የለውም። አሥረኛው በር ላይ ሲደርሱ የሙሴ ኒልስ ንግግር ሦስት ቃል ብቻ ቀርቶት ነበር።

በየበሩ ሸምሶ ንዴቷ ይቀልላታል ብላ ስትጠብቅ ይብስባታል። ያም ሆኖ ራሷን ቀና አድርጋ ነው የምትሄደው። ዋሽቶ የተገኘው እሱ ነው፤ እሷ እውነቱን ያመጣች ናት። ይህን ደጋግማ ለራሷ ነገረች።

የመጨረሻው በር የኪንሲ እናት የዑግባድ ነበር። ዑግባድ ሳታቋርጥ ሰማች። ሙሴ ኒልስን አየችው፣ ወዲያው ተወችው። ከዚያ ወደ ካሪን ዞራ፣ የልጄን ፊት ከእንግዲህ የማጥበው እኔ ነኝ፤ አጥቦ መቀባቱን ግቢና አሳዪኝ አለቻት። ካሪን እንባዋ ወረደ፤ ቅባቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ገባች። ሸምሶ ልታስተረጉም ተከተለች። ዑግባድ ክንዷን በሩ ላይ ጋረደች።

«የሷ ስብርባሪ ሶማሊኛ ይበቃናል» አለች።

ሸምሶ፣ የጻፈው እሱ ነው፣ እኔ ምን አጠፋሁ አለች። ድምጿ ለራሷ እንኳ እምብዛም አልተሰማትም።

«ነያ፣ አንቺ ሸምሶ» አለች ዑግባድ፣ ሳትቆጣ። «ያ ሰውዬ የሰው አገር ሰው ነው፣ አላውቀውም። ልጄን ለሱ አልሰጠሁም። የሰጠሁት ላንቺ ነው። ይኸን አራት ዓመት አብረሽው ስትውዪ ምን ስታዪ ነበር?»

ሸምሶ፣ ሙሴ ኒልስ ፎቶውን ሲያነሳ ልጆቹን ያሰለፈችው ራሷ እንደነበረች ትዝ አላት፤ ለምንህ ነው ብላ አልጠየቀችውም። ዑግባድ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

ከውስጥ የውሃ ድምፅና የኪንሲ ሳቅ ይሰማል። ደጅ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሙሴ ኒልስ ጥላውን ዘርግቶ፣ ፀሐይ ነውና ተጠጊ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣት። ሸምሶ አልተጠጋችም። የማዳም ካሪን ሥራ እስኪያልቅ ድረስ ከግድግዳው ራቅ ብላ፣ እንደ እሱው ከበር ውጭ ቆመች።